አውሮፕላኑ እስኪያልፍ

ጋዜጠኝነት ስንማር የሬዲዮ መምህራችን አንድ የቤት ሥራ ሰጥተውን ነበር፤ በየሰፈራችን አንድ አዛውንት አነጋግረን የአምስት ደቂቃ ዝግጅት ሠርተን እንድንመጣ። እኛ የኮተቤ ልጆች ነንና መቅጃችንን ይዘን ወደ አንዲት ጎረቤታችን ሄድን። እማማ ረከቦቱን አቀራርበው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ጨዋታቸውን ጀመሩ፤ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ስለሚወርዱት ሴቶች፣ እርሳቸውም በልጅነታቸው ከእነርሱ አንዷ ስለነበሩበት ጊዜ። ወሬው እየጣመ ሲመጣ አውሮፕላን መጣ። እማማ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አደረጉና ዝም አሉ። አልተቆጡም፤ ቀና ብለውም አላዩም። ድምፁ ወደ ምሥራቅ እየራቀ ሲሄድ እጃቸውን አወረዱና ልክ ካቆሙበት ቃል ቀጠሉ። በአርባ ደቂቃ ቅጂ ውስጥ ይህን ሰባት ጊዜ አደረጉት።

መምህራችን ቅጂውን ሰምተው «አውሮፕላኑን ቆርጣችሁ አውጡት» አሉን። ቆርጠን አወጣነው፤ ጥሩ ማርክም አገኘንበት። ዛሬ ስናስበው የቆረጥነው ዜናውን ነበር።

ስለ አውሮፕላን ጩኸት ልንጽፍ መሆኑን ለጓደኞቻችን ስንነግራቸው ሁለት ዓይነት መልስ አገኘን። አንደኛው ሳቅ ነው። የታክሲ ረዳት «መገናኛ፣ መገናኛ» እያለ በሚጮህባት፣ ልብስ ሻጩ ሞንታርቦውን ጆሯችን ላይ ሊሰቅል በሚደርስባት፣ ሌሊት ጭፈራ ቤት፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተር በሚያስተኛን ከተማ፣ አውሮፕላን ጮኸ ብሎ ማማረር ቅንጦት ነው አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ግማሹ። ሁለተኛው መልስ ግን ሳቅ አልነበረም። «አየር መንገዱን ልትነኩ ነው?» የሚል ነበር። ይሄ ይከብዳል። አየር መንገዱን የምንወደው እንደ ዘመድ ነው፤ በሰው አገር ያንን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጭራ ድንገት ስናይ ሆዳችን ይላወሳል። ዘመድ ሌሊት ቢያንኳኳ በሩ ይከፈትለታል እንጂ ለምን መጣህ አይባልም። እኛ የምንጠይቀው፣ ዘመዱ በሌሊት መምጣት ሲያበዛ ስለ በሩ መነጋገር ይቻላል ወይ? ነው።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው። አንዲት ብቻ ቀርታለች፤ ስንደርስባት እንነግራችኋለን።)

ከእንጦጦ ማርያም ግድም ወይም ከዋሻ ሚካኤል በላይ ካለው የየካ ጋራ ሆናችሁ ወደ ቦሌ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ከዚያ ላይ አውሮፕላን የሚታየው ተንጋጦ ሳይሆን ቁልቁል ነው፤ ከባሕር ዛፉ ጫፍ በታች እንደ አሻንጉሊት ይንሸራተታል። ለፎቶ ደስ ይላል። ለአብራሪ ግን ሒሳብ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። በሰሜን በኩል ግድግዳ ቆሟል ማለት ነው። ሁለቱ ማኮብኮቢያዎች ከዚህ ግድግዳ ግርጌ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሰሜን ትንሽ ዘንበል ብለው ተዘርግተዋል። ወደ ምሥራቅ የተነሳ አውሮፕላን ከጎሮና ከሰሚት በላይ አድርጎ፣ ሲኤምሲንና አያትን በግራው ትቶ ይወጣል። ከእነዚህ ሰፈሮች መካከል በ2020 ከየካና ከቦሌ ተቆርጦ ለተቋቋመው ለሚ ኩራ የተሰጡ አሉ፤ ድምፅ ግን የክፍለ ከተማ ድንበር አያውቅም።

የአዲስ አበባ ከፍታ ሌላም ጣጣ አለው። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ውስጥ ክንፉ የሚይዘው፣ ሞተሩም የሚውጠው አየር ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ረጅም ይንደረደራል (የቦሌ ማኮብኮቢያዎች 3.7 እና 3.8 ኪሎ ሜትር የሆኑት ለጌጥ አይደለም)፤ ከተነሳም በኋላ ቶሎ ሽቅብ አይልም። ያው አውሮፕላን፣ ያው ጭነት ይዞ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ቢነሳ ኖሮ በጊዜ ከፍ ብሎ ይርቅ ነበር። እዚህ ግን ነዳጁንና ጭነቱን ተሸክሞ በዝግታ ሲወጣ፣ ከጣሪያችን ጋር የሚቆየውም ያንኑ ያህል ነው። ጣሪያችን ደግሞ ቆርቆሮ ነው።

በዚህ ላይ ብርዱ ይጨመራል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ መሬቱ አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይልቅ ብርድ ይሆናል። ድምፅ በዚህ ጊዜ ወደ ላይ ተበትኖ መጥፋቱ ይቀርና ወደ ታች ይታጠፋል፤ ሩቅ ድረስም ይሰማል። በቀን ልብ ያላልነው ሞተር ሌሊት መኝታ ቤታችን የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። እናቶቻችን «ሌሊት ጆሮ አለው» ቢሉ ተሳስተው አይደለም።

ይህች ከተማ ኤርፖርት ስትበላ የመጀመሪያዋ አይደለም። ከቦሌ በፊት የነበረው ማረፊያ ልደታ ነበር። ለጄት ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ፤ የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ጄት፣ ቦይንግ 720፣ በታኅሣሥ 1962 ገባ። ያኔ ቦሌ ከከተማው ውጭ የሆነ ሜዳ ነበር። ልደታን ከተማው ዋጠው፤ ስሙ ብቻ ለሰፈር ቀረ፣ ዛሬም «ኦልድ ኤርፖርት» እንላለን። ቦሌንም እንዲሁ ዋጠው። ለኤርፖርቱ ተብሎ የተሠራው መንገድ ሰው ይስባል፣ ሰው ሱቅ ይስባል፣ ሱቅ ፎቅ ይስባል። ከዚያ ኮንዶሚኒየም ይመጣል፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ደግሞ እልል ይላል እንጂ ከላይ ምን ያልፋል ብሎ አይጠይቅም። እንዴት ብሎስ ይጠይቃል? ለአሥር ዓመት ሲቆጥብ የነበረ ሰው እኮ ነው።

እስኪ ወደ መሐንዲሶቹ እንምጣ፤ እነርሱ ሳይኙ አልቀሩም። የመጀመሪያዎቹ ጄቶች እንደዚያ ይጮሁ የነበረው ጥቂት አየር በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ኋላ ስለሚተፉ ነው። በ1952 ጀምስ ላይትሂል የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ፣ ከጄት የሚወጣው ድምፅ ጉልበት ከአየሩ ፍጥነት ስምንተኛ ርቢ ጋር እንደሚሄድ አሳየ። በቀላሉ፣ የአየሩን ፍጥነት በግማሽ ብትቀንሱት የድምፁ ጉልበት በግማሽ አይቀንስም፤ 256 ጊዜ ያንሳል። መፍትሔውም እዚሁ ውስጥ ነበር። ጥቂት አየር በኃይል ከመትፋት ብዙ አየር በዝግታ መግፋት። ለዚህ ነው የዛሬ ሞተር ፊቱ ሰፊ የሆነው፤ ትልቁ ፋን ከሚስበው አየር አብዛኛው እሳቱ ውስጥ ሳይገባ በዳር ያልፋል። ነዳጅም ይቆጥባል፣ ድምፁም ይለዝባል። አየር መንገዳችን በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ያመጣውን ድሪምላይነር ያያችሁ የሞተሩን ሽፋን የኋላ ጠርዝ አስተውሉት፤ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ነው። ጥርሶቹ ውጭ ያለውንና ከሞተሩ የሚወጣውን አየር ቀስ ብለው እንዲቀላቀሉ ያደርጋሉ፤ ግጭቱ ሲለዝብ ጩኸቱም ይለዝባል። ቦይንግ እንደሚለው የ787 ድምፅ የሚሸፍነው መሬት ከ767 ጋር ሲነጻጸር እስከ 60 በመቶ ያነሰ ነው።

ከዚህም የሄዱ አሉ። በ2006 የካምብሪጅና የኤምአይቲ ተመራማሪዎች 215 ሰው የሚጭን፣ ክንፍና ሆዱ አንድ የሆነ፣ ሞተሮቹ ከጀርባው ላይ የተቀመጡለት አውሮፕላን ንድፍ አቀረቡ። የሞተሩን ድምፅ ሰውነቱ ራሱ ከታች ላለው ሰው ይጋርደዋል፤ ዓላማውም ከኤርፖርቱ አጥር ውጭ ያለ ነዋሪ ከተለመደው የከተማ ድምፅ ለይቶ እንዳይሰማው ነበር። ንድፉ አውሮፕላን አልሆነም። ድምፅ አልባ ክንፍ የሚፈልጉ ሌሎች ደግሞ ጉጉት ሲያጠኑ ኖረዋል። የጉጉት ላባ የፊት ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ፣ የኋላው እንደ ዘርፍ፣ ገላው እንደ ከፋይ ነው፤ ለዚህ ነው አይጧ ሳትሰማ የምትያዘው። እኛ ጉጉት ጣሪያ ላይ ከጮኸች ሟርት ነው ብለን በድንጋይ እናባርራታለን። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ዝም ብላ ስትበር ግን ሰምቷት የሚያውቅ የለም።

ስለ ሰፊ ሞተር ስናወራ አንድ ነገር ዘለን ብናልፍ ራሳችንን እንታዘባለን። ያው ሰፊ ሞተር፣ በዋናነት ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ፣ መሬት ለመሬት ለሚሄደው ለአሮጌው 737 ሲታሰብ ከክንፉ ሥር አልበቃ አለ። ወደ ፊትና ወደ ላይ ገፍተው ሰቀሉት፤ የአውሮፕላኑ ጠባይ ተለወጠ፤ ጠባዩን ለማረቅ ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ጨመሩበት። በማርች 10 ቀን 2019፣ እሑድ ጠዋት፣ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው በረራ 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው። ከሰፈራችን ሰማይ ሥር ሆነን የዚያን ጠዋት ሞተር ከሌሎቹ ለይተን አልሰማነውም፤ እንደ ሁልጊዜው አለፈ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን ስንሰማ «ይለፍ፣ በሰላም ይለፍ» የሚሉ እናቶች አሉ። ጩኸቱን የሚጠላ ሁሉ አውሮፕላኑን ይጠላል ማለት እንዳልሆነ ለማሳየት ነው ይህን ያነሳነው።

አንድ ቀልድ ደግሞ እንጨምር። ባሕር ዳርና ጎንደር የሚያመላልሰን ባለ ፕሮፔለሩ ኪው400 ስሙ ላይ ያለችው «ኪው» በእንግሊዝኛ ጸጥታ ለሚለው ቃል መነሻ ፊደል ናት። ጸጥታው ግን ለተሳፋሪው ነው፤ ንዝረትንና ድምፅን የሚያጠፋው መሣሪያ የተተከለው በጓዳው ውስጥ ነው። ትኬት የገዛ ጸጥታ ይገዛል ማለት ነው። ከታች ያለው ሰው ትኬት የለውም።

ጉዳዩ ከቀልድ የሚያልፈው ሌሊቱ ላይ ነው። ፍራንክፈርት ከ2011 ጀምሮ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ አይነሳባትም፣ አያርፍባትም። ነዋሪዎቿ ተሰልፈው፣ ከስሰው፣ ፍርድ ቤት ቆመው ያገኙት እንቅልፍ ነው። ደግ አደረጉ። ከዚህ ወደዚያ የሚሄደው አውሮፕላን ግን ልክ በሩ ሲከፈት ለመድረስ ከቦሌ የሚነሳው ወደ እኩለ ሌሊት ነው። ምክንያቱ ይሄ ብቻ አይደለም፤ አየር መንገዱ አፍሪካን ከሌላው ዓለም የሚያገናኘው የማታ መጤዎችን ሌሊት፣ የንጋት መጤዎችን ጠዋት እያሸጋገረ ነው፤ ዕንጀራውም ያ ነው። የጭነቱም አውሮፕላን አለ። ቢሆንም፣ ጀርመናዊው ሕፃን የሚተኛበትን ሰዓት የኮተቤና የሰሚት ሕፃን ነቅቶ ይከፍልለታል ብንል ብዙ አላጋነንንም።

ሕግ የለንም እንዳትሉ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 (ያልናችሁ አንዲቷ ይህች ናት) ድምፅን ከብክለት ቆጥሮ ልክ እንዲወጣለት ያዛል። ልኩም ወጥቶለታል፤ ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የሌሊት የአውሮፕላን ድምፅ ከ40 በታች እንዲሆን ነው የሚመክረው። አሥር ዴሲቤል ሲጨመር ጆሯችን እጥፍ አድርጎ እንደሚሰማው አስታውሱና ልዩነቱን ራሳችሁ አስሉት። የእኛ ልክ ሲታሰብ የሚታሰበው ግን ወፍጮ ቤትና ጭፈራ ቤት ነው፤ ቀና ብሎ ወደ ሰማይ የሚያይ ተቆጣጣሪ አላጋጠመንም።

እንቅልፉ ይቅር እንበል። ልጆቹስ? ሰሚት አካባቢ የምታስተምር ጓደኛችን ከእማማ ጋር አንድ ልማድ አላት፤ ዓረፍተ ነገሩ መካከል ላይ ትቆማለች፣ ጠመኔውን እንደያዘች ትጠብቃለች፣ ድምፁ ሲያልፍ ትቀጥላለች። ልጆቹም አብረዋት ይቆማሉ። «መቆሙ አይደለም የሚያስቸግረው» ትላለች፤ «ስቀጥል ግማሾቹ የሉም።» ይህ የእርሷ ግምት ብቻ አይደለም። ላንሴት በ2005 ባወጣው ጥናት በሂትሮው፣ በስኪፖልና በባራሃስ ዙሪያ የሚማሩ ከ2,800 በላይ የ9 እና የ10 ዓመት ልጆች ተፈትነው ነበር፤ የአውሮፕላን ድምፅ በጨመረ ቁጥር አንብቦ የመረዳት ውጤታቸው ቀንሷል። የእንግሊዞቹ በየ5 ዴሲቤሉ እስከ ሁለት ወር የሚደርስ የንባብ ዕድሜ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ከሁሉ የሚያስገርመን ግን የሙኒክ ነው። በ1992 የድሮው ኤርፖርት ተዘግቶ አዲሱ ሲከፈት ተመራማሪዎች በሁለቱም ዙሪያ ያሉ ልጆችን ይከታተሉ ነበር። አሮጌው አጠገብ ያሉት ጸጥታ ሲያገኙ ንባባቸውና ትውስታቸው ተሻሻለ። አዲሱ አጠገብ ያሉት ወደ ኋላ ተንሸራተቱ። ጉዳቱ ከድምፁ ጋር ቤት ቀየረ።

ይህን ታሪክ ዛሬ የምናነሳው እኛም ልንቀይር ስለሆነ ነው። በጥር 2026 መጀመሪያ ላይ ቢሾፍቱ አቡሴራ የአዲሱ ኤርፖርት የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። 12.5 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል፣ አራት ማኮብኮቢያ ይኖረዋል፣ ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሏል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ለ2030 ታቅዷል። ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል አየሩ ወፈር ይላል፤ አውሮፕላኖቹ ጭነታቸውን ይዘው በተሻለ አቅም ይነሳሉ። መሬቱ የአድአ ማኛ ጤፍ አገር ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ተነሥተው ሌላ ቦታ ይሰፍራሉ። ስለ ካሣቸው ብዙ ተብሏል፣ ገናም ይባላል። እኛ የምናነሳው ስለማይነሱት ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ስለሚቀሩት፣ ከዚያም ይበልጥ ኤርፖርቱን ተከትለው ስለሚመጡት።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2001 አባል አገሮች ድምፅን በአራት መንገድ እንዲይዙት ተስማምቷል፤ ጸጥተኛ አውሮፕላን መሥራት፣ መሬቱን በዕቅድ መጠቀም፣ የአነሳስና የአስተራረፍ ዘዴን ማስተካከል፣ እነዚህ ካልበቁ ደግሞ በረራን መገደብ። የመጀመሪያው በእጃችን አይደለም፤ አውሮፕላን አንሠራም። አየር መንገዱ ከ140 በላይ አውሮፕላኖች ይዞ ከአፍሪካ አዳዲሶቹን ሲገዛ የድርሻውን አድርጓል ማለት ይቻላል። ግን እያንዳንዱ አውሮፕላን ሲለዝብ ቁጥራቸው ከበዛ ጆሮ ምኑን ይተርፋል? ሰባት ጊዜ እጃቸውን ያነሱት እማማ አሥራ አራት ጊዜ ቢያነሱ፣ እያንዳንዱ አጠር ቢልም ወሬው ያው ተቆራርጧል። የመጨረሻው፣ ገደቡ፣ የአየር መንገዱን ዕንጀራ ይነካል፤ እኛም አልደፈርነውም። መሬቱ ግን የማንም ሳይሆን የራሳችን ነው። ለዚህ ፈረንጅ አያስፈልግም፣ ዶላርም እምብዛም አያስፈልግም። በአራቱ ማኮብኮቢያ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ድምፁ የት ድረስ ስንት ዴሲቤል እንደሚሆን የሚያሳይ ካርታ መሬቱ በሊዝ ከመቸብቸቡ በፊት ተሠርቶ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በካርታው ቀይ ቦታ ላይ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ኮንዶሚኒየም አይፈቀድ። መጋዘን ይሠራበት፣ ጤፍ ይዘራበት፤ ጤፍ እንቅልፍ የለውም። ደላላው ከካርታው ቀድሞ ከደረሰ ግን በ2050 የእኛን ቢጤ ልጆች «ኦልድ ኤርፖርት ቁጥር ሦስት» እያሉ ይጽፉበታል።

ለቦሌ ዙሪያም ቢሆን እስከ 2030 እጅ አጣጥፎ መጠበቅ ግድ አይደለም። አውሮፕላን ሲያርፍ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ሞተሩን ደጋግሞ ከሚያስጮህ፣ ከሩቅ ጀምሮ ሞተሩን አለዝቦ ሳያቋርጥ እንዲንሸራተት ማድረግ በብዙ ከተማ የተለመደ ነው። ሂትሮውና ፍራንክፈርት በዙሪያቸው ላሉ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ድርብ መስታወት የሚያስገቡበት ገንዘብ አላቸው። እኛ ለሁሉ ቤት አልጠየቅንም። በመንገዱ ሥር ላሉት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከቆርቆሮው ሥር ድምፅ የሚውጥ ኮርኒስ፣ ለመስኮቱም ደህና መስታወት ቢገባ፣ ከ12.5 ቢሊዮኑ አጠገብ ሲቆም ሳንቲም ነው። ጓደኛችን ጠመኔዋን ይዛ ከምትጠብቀው ጊዜ ጋር ግን አይወዳደርም።

ባለፈው ወደ እማማ ጎራ ብለን ነበር። አርጅተዋል፤ እጃቸው ግን ልማዱን አልረሳም፣ ቡናው መካከል ሁለቴ ከፍ አለች። የቢሾፍቱን ወሬ በቴሌቪዥን ሰምተዋል። ትልቁ በረራ ሁሉ ወደዚያ ሲዞር ሰፈራችን ጸጥ እንደሚል፣ ከዚያ በኋላ ወሬያቸውን ማንም እንደማያቋርጣቸው ነገርናቸው፤ ደስ ይላቸዋል ብለን። ሲኒውን አስቀመጡና ትንሽ አሰቡ።

«እዚያስ» አሉን፣ «ሰው የለም እንዴ?»